በጽሑፍ ያለም ይጠፋል

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ እኔ ከላፕቶፔ ፊት ተቀምጬ የአክስቴን ሙሾዎች ከድምፅ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። በመካከሉ መብራት ሄደ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው መብራት ሲሄድ አይደነግጥም፤ ሻማውን በዳበሳ ይፈልጋል፣ የስልኩን መብራት ያበራል፣ ይጠብቃል። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ ግን ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ማሽኑ ነፍሱን ያንጠለጠለው በግድግዳው ገመድ ላይ ብቻ ነበርና መብራቱ ሲሄድ እርሱም አብሮ ሄደ።

መብራቱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ላፕቶፑ ግን አልተመለሰም። ማብሪያውን ስጫነው ትንሿ አምፖል በራች፣ ማራገቢያው ዞረ፣ የአምራቹ አርማ ብቅ አለ፣ ከአርማው ሥር ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው መሽከርከር ጀመሩ። ተሽከረከሩ፤ ተሽከረከሩ፤ ከዚያም ስክሪኑ ጠቆረ። እኔም በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ማብሪያውን ተጭኜ አጠፋሁት፣ መልሼ አበራሁት፣ እንደገና አጠፋሁት። አሥር ጊዜ ያህል ሳልደጋግመው አልቀረሁም። አልከፈት ያለ በር ሲደበደብ ቢያንስ ከውስጥ ያለው ሰው ይሰማ ይሆናል፤ ዲስክ ግን ሲደበደብ ይጎዳል እንጂ አይሰማም።

ውድ አንባብያን፣ እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት፣ ላፕቶፕ አልነሳ ሲል እኛ የምንጽፍ ሰዎች የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የተሳሳተ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ሁላችንም «ማሽኑ ይድን ይሆን?» እንላለን። ልንጠይቅ የሚገባን «ጽሑፉ ሌላ የት አለ?» ብለን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካለው የመጀመሪያው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይሆናል። መልስ ከሌለው ግን በዓለም ላይ ያለ ጠጋኝ ሁሉ ቢሰበሰብ የሚመልስልን በዕድላችን መጠን ነው።

በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ የነበረውን ልናገር። አክስቴ በጎጃም በአካባቢዋ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ማንበብና መጻፍ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ገብታ የሟቹን ሙያ፣ የወገኑን ማንነት፣ የቀሪዎቹን ጉዳት በሁለት ስንኝ ትጨርሰው ነበር። ዐርፋ የነበረችው ለቀስተኛ ሁሉ የእርሷን ድምፅ ስትሰማ እንደ አዲስ ታነባለች። ከዕለታት አንድ ቀን «ይህ ሁሉ ከአንቺ ጋር መቀበር የለበትም» ብዬ ስልኬን ከፊቷ አስቀመጥሁና በተለያየ ጊዜ ቀዳኋት። እርሷ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈች። እኔ ደግሞ ቅጂዎቹን በእረፍት ጊዜዬ እየሰማሁ እጽፍ ጀመር። ስልኬ በሞላ ቁጥር ጽፌ የጨረስሁትን ድምፅ አጠፋው ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ተብሎ አይደል ያደግነው? ከጻፍሁት ወዲያ ድምፁ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ላፕቶፑን አቅፌ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድሁ። ወጣቱ ጠጋኝ አስነሳው፤ ነጠብጣቦቹ ሲዞሩ ጥቂት ተመለከተና፣

«ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል። ፎርማት አድርጌ አዲስ ልጫንልዎት፤ ለስምንት ሰዓት ይደርሳል» አለኝ።

«ጽሑፎቼስ?»

«ዲ ላይ ካስቀመጧቸው አይነኩም። ዴስክቶፕ ላይ ከሆኑ ግን ይሄዳሉ።»

የእኔ ሁሉ ነገር ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ለዓይን እንዲቀርበኝ ብዬ ያስቀመጥሁበት ቦታ ለመጥፋትም የሚቀርበው መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ወጣቱን አልወቅሰውም። ሰው ወደ እርሱ የሚሄደው የሚሠራ ማሽን ለመቀበል ነው፤ ፎርማት ደግሞ ፈጣን፣ ርካሽና አስተማማኝ መንገድ ነው። አስተማማኝነቱ ግን ለማሽኑ ነው። በጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ አንድ ጸሐፊ ሳያስብ «እሺ» ሊለው የማይገባ ይህን ነው። በተለይ ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ ፎርማት ከተደረገ በኋላ የነበረውን መልሶ ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ዲስኩ ባዶ ነው የተባለውን ቦታ ራሱ እየጠራረገ ያጸዳዋልና። እኔም «ላስብበት» ብዬ ላፕቶፔን መልሼ አቀፍሁ። ከሱቁ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

ቤት ስደርስ ኮምፒዩተር ያጠናውን የእህቴን ልጅ አስጠራሁት። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቀኝ «አጎቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ አበሩት?» ብሎ ነው። እውነቱን ነገርሁት። «ከእንግዲህ እኔ ሳልልዎት አይንኩት» አለኝ። የታመመ ሰው እየተነሳ በተቀመጠ ቁጥር እንደሚደክም፣ የተጎዳ ዲስክም በእያንዳንዱ ሙከራ ይብስበታል። ከዚያ በኋላ የነገረኝን እናንተም ብታውቁት ይጠቅማልና በአጭሩ ላስፍረው።

«አልነሳ አለ» የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም መጥራት ነው። የመጀመሪያው፣ ማብሪያው ሲጫኑት ምንም የማይሰማና የማይታይበት ነው። ይህ የኃይል ጉዳይ ነው። ቻርጀሩን፣ ፍላሹን፣ ማውሱንና የተሰካውን ሁሉ መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ከዚያም ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲፈስስ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ወደ ልቡ ይመለሳል። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ኃይሉን ከፍ አድርጎ ስለሚመጣ ቻርጀሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ አንድ የሆነ፣ አምፔሩም ያላነሰ ሌላ ቻርጀር መሞከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ማሽኑ እየሠራ ስክሪኑ ብቻ የሚጨልምበት ነው። አምፖሉ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ፊቱ ግን ጥቁር ነው። በዚህ ጊዜ ከሌላ ስክሪን ወይም ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ማየት ነው። እዚያ ላይ ሥዕል ከታየ ዕቃችሁ በሰላም አለ፤ የታመመው መስኮቱ ነው። እዚያም ካልታየ ራም የሚባለው የማስታወሻ ክፍል ከቦታው ተናግቶ ሊሆን ይችላልና አውጥቶ መልሶ ማስገባት ነው። የጩኸት ድምፅ ካሰማም ቁጥሩን መቁጠር፤ ማሽኑ ሕመሙን የሚናገርበት ቋንቋ ነው።

ሦስተኛው የእኔ ነበር። ማሽኑ ይነሳል፣ አርማውን ያሳያል፣ ዊንዶውስ ግን አይገባም። ይህ በድንገት ለጠፋ ላፕቶፕ የተለመደው ነው። ምክንያቱም የምንጽፈው ነገር ሁሉ ወዲያውኑ ዲስኩ ላይ አይወርድም። በመጀመሪያ የሚቀመጠው መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ወደ ዲስክ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው። በአግባቡ «አጥፋ» ስንለው ማሽኑ የጀመረውን ጨርሶ፣ ያልወረደውን አውርዶ፣ መዝገቡን ዘግቶ ይተኛል። በድንገት ሲጠፋ ግን ጸሐፊው ብዕሩን እንደ ያዘ፣ ዐረፍተ ነገሩ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። ዲስኩ ያልተጨረሰውን ሥራ የሚያስታውስበት የራሱ መዝገብ አለውና ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው መነሻ ላይ ራሱን ያስተካክላል። ያ መዝገብ የሚጠብቀው ግን የቤቱን አጥርና ምሰሶ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እጠብቃለሁ ብሎ ቃል አልገባም።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ደጋግመው መነሳት ሲያቅታቸው የመጠገኛ ገጽ ያመጣሉ። እዚያ ላይ አነሳሱን የሚጠግነው አለ፣ ወደ ቀድሞ ሁኔታ የሚመልሰው አለ፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚጀምረውም አለ። የእህቴ ልጅ አንዱንም አልነካም። «መጀመሪያ ጽሑፉን እናውጣ፤ ጥገናው ይደርሳል» አለ። ዲስክ የሚመረምረውና የሚጠግነው ቼክ ዲስክ የሚባለው ፕሮግራም እንኳ በተጎዳ ዲስክ ላይ ሲሮጥ ዲስኩን እጅግ ያደክመዋል፤ መልካም አሳቢ ሆኖ የቀረውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ቅዳ፣ ከዚያ ጠግን። ከዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ መቅዳቱንም ትቶ አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ነው።

ልጁ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሥርዓት የጫነበት አንድ ፍላሽ ነበረው። ላፕቶፑን ከዲስኩ ሳይሆን ከዚያ ፍላሽ አስነሳው። ምንም ሳይጫን፣ የእኔ ዊንዶውስ እንደ ተኛ፣ ሌላ ገጽ መጣ፤ በዚያም ገጽ ላይ ዲስኬ ተከፈተ። ፎልደሮቼን ስማቸውን ሳነብ የጠፋ ዘመዱን በሰው መካከል እንዳየ ሰው ሆንሁ። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል፤ ያንን ቁልፍ አስቀድሞ ጽፎ ያላስቀመጠ ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። የእኔ አሮጌ በመሆኑ አልተቆለፈም ነበር። ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥነው።

የሙሾው ፋይልም ነበረ። ስሙ አለ፤ ስፋቱም እንደ ነበረው ነው። ስንከፍተው ግን ባዶ ነበር። አንዲት ፊደል የለችበትም። ልጁ እንዳስረዳኝ መዝገቡ እንዲህ ያለ ፋይል እንዳለና ይህን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ጽፎ ነበር፤ ቃላቱ ግን ወደ ቦታቸው ሳይደርሱ መብራቱ ቀደማቸው። ስሙ የተጻፈበት መቃብር አለ፤ ሬሳው የለም። ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጠውንም ፈለገ። እርሱም እንዲሁ ባዶ ነበር።

ያን ሌሊት ያዳነኝ አንድ ኢሜይል ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለአንድ ወዳጄ «እስኪ እየው» ብዬ የጻፍሁትን ሁሉ ልኬለት ነበር። ጥንቃቄ አልነበረም። መነበብ ፈልጌ ነው፤ ግልጹን ለመናገር መመስገንም ፈልጌ ነው። ከሚያዝያ በፊት የተጻፈው በሙሉ በወዳጄ የመልእክት ሳጥን ውስጥ በደኅና ተቀምጦ አገኘሁት። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ የጻፍሁት፣ ወደ 30 የሚጠጋ ሙሾ፣ ድምፁም ጽሑፉም ጠፍቷል። በቃሌ የቀሩኝ ዘጠኝ ናቸው። ዊንዶውሱን የእህቴ ልጅ በማግሥቱ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጠገነው። ማሽኑ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ይህንንም የምጽፈው በእርሱ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለዚያ ኢሜይል ነው። ጥንቃቄዬ ያላዳነውን ለመነበብ ያለኝ ጉጉት አዳነው። ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ ቢሆን ኖሮ ዕድል ብዬ በተውሁት ነበር። ነገር ግን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይህንኑ ደጋግሞ ይነግረናል።

እ.ኤ.አ. በ1922 ታኅሣሥ ላይ፣ የኧርነስት ሄሚንግዌይ ሚስት ሃድሊ የባሏን የገና ሰዓት ሥራ ላስደስተው ብላ ጽሑፎቹን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ከፓሪስ ወደ ሎዛን ልትወስድለት ተነሳች። ሻንጣው በፓሪሱ ጋር ደ ልዮን የባቡር ጣቢያ ተሰረቀ። ሄሚንግዌይ ግልባጭ አልነበረውም እንዳትሉ። በካርቦን የተገለበጡ ቅጂዎች ነበሩት፤ እነርሱም በዚያው ሻንጣ ውስጥ ነበሩ። ከተረፉት ሁለት አጫጭር ታሪኮች አንዱ በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ ሲሆን፣ ሌላው ለአንድ አዘጋጅ ተልኮ ስለ ነበር ነው። ከዋናው ጋር በአንድ ከረጢት የሚያድር ግልባጭ ግልባጭ አይባልም። ዲ ላይ ያስቀመጥነው ከዴስክቶፑ ጋር በአንድ ዲስክ ያድራል፤ ፍላሻችን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ይሄዳል። ሌባው አንድ ጊዜ ሲመጣ ሁለቱንም ይወስዳል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መጽሐፈ ሔኖክ በሙሉ አካሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የአረማይኩ ቁርጥራጭ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝቷል፤ የግሪኩም የተወሰነ ክፍል አለ፤ ከዳር እስከ ዳር ያለው ግን የእኛ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለስ የዚያ አገር ሊቃውንት የጠፋ መጽሐፍ አገኘን ብለው ተደነቁ። እኛ ዘንድ ግን ጠፍቶ አያውቅም ነበር። የሚገርመው ይህ ነው፤ ዛሬ በእጃችን ካሉት የግዕዝ ብራናዎች እጅግ የቆዩት እንኳ ከ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ አያልፉም። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ግን በአክሱም ዘመን ነው። በመካከሉ ያሉት ብራናዎች ተቃጥለዋል፣ በስብሰዋል፣ አይጥ በልቷቸዋል፣ ተዘርፈዋል። ከመጀመሪያው እጅ የወጣች አንዲት ቅጠል የለችንም። ያለን የግልባጭ ግልባጭ ነው። ቁም ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ በብራናው ላይ አጎንብሶ ሲገለብጥ ለመጽሐፉ የሚችለውን ሁሉ እያደረገለት ነበር። ማንም ቁም ጸሐፊ «ይህ ብራና ጽኑ ነው፤ ሁለተኛ አያስፈልገውም» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ሔኖክን በስም ብቻ እናውቀው ነበር።

ነቢይ መኮንንም በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሲተረጉም ወረቀት አልነበረውም፤ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው። ከግንቡ ውስጥ ተከማችቶ ቢቀር ኖሮ አንድ ፍተሻ ይበቃው ነበር። የተረፈው በየቁራጩ፣ በየሰው እጅ እየሆነ ስለ ወጣ ነው። ያ ሰው ኮምፒዩተር ቀርቶ ደብተር በሌለበት ያወቀውን እኛ በሁለት ቴራባይት ዲስክ ላይ ተቀምጠን አላወቅነውም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። የጽሑፍ ዕድሜ የሚለካው በተቀመጠበት ዕቃ ጥንካሬ አይደለም፤ በደረሰበት እጅ ብዛት ነው። እኛ ግን ልማዳችን መደበቅ ነው። «ሐሳቤን ይሰርቁኛል»፣ «ገና አላለቀም»፣ «ሲያልቅ ያዩታል» እንላለን። አንድ ወዳጄ አንድ ጊዜ ስድስት ዓመት የደከመበትን ልብ ወለድ ለሚስቱ እንኳ አላሳየም ነበር፤ ላፕቶፑ ከታክሲ ውስጥ ሲጠፋ ልብ ወለዱን ያነበበ አንድም ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ሌባው ላፕቶፑን እንጂ ሐሳቡን አልፈለገም። በልቤ እንደምቆጥረው፣ በአገራችን ሐሳቡ ተሰርቆበት ከሚያለቅሰው ጸሐፊ ይልቅ ጽሑፉ በገዛ ቤቱ የጠፋበት ይበዛል።

«ደመናው ምን ሠራ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ከላፕቶፑ ጋር ራሱን የሚያስተካክል ፎልደር ስናጠፋ አብሮን ያጠፋል፣ ስናበላሽም አብሮን ያበላሻል፤ ጥላ ነው እንጂ ሁለተኛ ሰው አይደለም። «ኢንተርኔቱ ውድ ነው» የሚልም አለ። ጽሑፍ ግን ቀላል ዕቃ ነው። መቶ ሺህ ቃል ያለው የአማርኛ ልብ ወለድ ያለ ምንም ጌጥ ሲቀመጥ 2 ሜጋባይት አይሞላም፤ በስልካችን ለምሳ ጠረጴዛችን ከምናነሳት አንዲት ፎቶግራፍ ያንሳል። የምሳችንን ፎቶ ለሃያ ሰው ልከን የስድስት ዓመት ድካማችንን ለአንድ ሰው መላክ ይከብደናል።

ባለሙያዎቹ የሚሉት ሕግ አጭር ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። እኔ ደግሞ አንድ እጨምራለሁ፤ ከሦስቱ አንዱ በሚያነብ ሰው እጅ ይሁን። ሰው ካነበበው ቢያንስ ትዝታው ይቀራል። በተጨማሪም በየጥቂት ዓመቱ የቆየውን ከፍቶ ማየት ይገባል። በዚያ ሌሊት ከዲስኩ ካወጣናቸው ፋይሎች መካከል በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ዩኒኮድ በየኮምፒዩተራችን ሳይገባ፣ በድሮው የፊደል ፕሮግራም የጻፍኋቸው ግጥሞች ነበሩ። በሰላም ተገልብጠዋል፤ ስንከፍታቸው ግን ፊደላቱ ሁሉ የላቲን ምልክትና ቁጥር ሆነው ተደበላልቀዋል። ቁም ጸሐፊው ያረጀውን ብራና ወደ አዲስ ሲያሻግር ጽሑፉን ለአዲሱ ዘመን ዓይን ጭምር ማንበቢያ ያደርገው ነበር። እኛም ማሻገር አለብን፤ ያልተሻገረ ፋይል በቁሙ ይሞታል።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። በ2017 ዓ.ም. የአክስቴ ጎረቤት የነበሩ አንዲት እናት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጡ። ልጠይቃቸው ሄድሁና በጨዋታ መካከል ስለ ሙሾዎቹ አነሳሁባቸው። እኒያ እናት ማንበብ አይችሉም፤ ስልካቸውም ከመደወል ያለፈ ሥራ አይሠራም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የአክስቴን አሥራ አንድ ሙሾ አወረዱልኝ። ለማን ለቅሶ እንደ ተባለ፣ በየትኛው ዓመት እንደ ነበር፣ ማን አጠገባቸው ቆማ እንዳነባች ጭምር ነገሩኝ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ከዲስኬ ላይ የጠፉት ነበሩ።

አክስቴ ያወረደችውን ለራሷ አስቀርታ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ትሰጠዋለች፤ ለቀስተኞቹ በየጆሯቸው ይዘውት ወደየመንደራቸው ይገባሉ። እኔ ልጽፈው፣ ላስቀምጠው፣ ላድነው ብዬ ወሰድሁትና አንድ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። በቃል ያለው አልተረሳም፤ በጽሑፍ ያለው ሳይወረስ ጠፋ። ተረቱ ተሳሳተ ለማለት አልደፍርም፤ የሚወርሰው ሰው ሳያዘጋጁ መጻፍ ግን ገና ግማሽ ሥራ ነው።

የእኒያን እናት ድምፅ ቀድቼዋለሁ። በዚያው ማታ ለሦስት ሰዎች ላክሁት። እናንተም ዛሬ መብራት ሳይሄድ አንድ ያላለቀ ጽሑፋችሁን ለምታምኑት ሰው ላኩ።